የጨቅላ ሕፃናት በሽታ የመከላከል ሥርዓት በጽኑ ኢንፌክሽን ፊት

ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ጨቅላ ይባላል። በዚህ ዕድሜ ተሕዋስያን ወደ ደም ገብተው፣ ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚሰጠው ምላሽ መልሶ የገዛ ብልቶቹን መጉዳት ሲጀምር የሚፈጠረው ጽኑ ሕመም ሴፕሲስ የሚባል ሲሆን፣ ያለ ቀን ከመወለድና በወሊድ ጊዜ ከመታፈን ጋር ከጨቅላ ሕፃናት ሞት ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ አመልክቷል።

የሕክምና መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የጨቅላውን በሽታ የመከላከል ሥርዓት «ያልበሰለ» እያሉ፣ ከአዋቂው የጎደለውን በመቁጠር ሲገልጹት ኖረዋል። ይህ አገላለጽ ግን ሕፃኑ ከየት እንደ መጣ ይዘነጋል፤ በማሕፀን ሳለ የእናቱን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቢዋጋ እርግዝናው ራሱ ይናጋል፣ ከተወለደም በኋላ አንጀቱን በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሁሉ ቢዋጋ የሚጎዳው ራሱ ነው። ስለዚህም ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳቱ ጀርም ሲያገኙ፣ ውጊያውን የሚያፋፍመውን ኢንተርሉኪን 12 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን በጥቂቱ፣ የሚያበርደውን ኢንተርሉኪን 10 ግን በብዛት ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በኔቸር መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አዲስ በተወለዱ አይጦች ውስጥ የሚበዙት ያልጎለመሱ ቀይ የደም ሕዋሳት በሽታ የመከላከሉን ምላሽ እንደሚገቱ፣ እነርሱ ሲቀነሱም አይጦቹ ተሕዋስያንን ይበልጥ ቢቋቋሙም አንጀታቸው በነዋሪዎቹ ባክቴሪያዎች ሳቢያ ለብግነት እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ዝግታው ጥበቃም መሆኑን ከዚህ አጉልቶ የሚያስረዳ ግኝት ጥቂት ነው።

ይኸው ጥበቃ ጽኑ ኢንፌክሽን ሲደርስ ዕዳ ይሆናል። ወደ ተጠቃው ስፍራ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በጨቅላው ዘንድ ቀርፋፋ ከመሆናቸውም በላይ፣ በአጥንት መቅኔ ያለው ክምችታቸው አነስተኛ ስለሆነ ሕመሙ ሲበረታ ቶሎ ያልቃሉ፤ በሴፕሲስ የተያዘ ጨቅላ ነጭ የደም ሕዋሳት ማሽቆልቆል ሐኪሞችን የሚያስጨንቀውም ለዚህ ነው። የውጭ ምልክቱም አሳሳች ሲሆን፣ ሕፃኑ በማተኮስ ፈንታ ሊቀዘቅዝ፣ ጡት ሊተውና ሊዝል ይችላል።

ጨቅላው ግን ባዶ እጁን አይመጣም። ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ የተባለው የእናት ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ይተላለፍለታል፤ ይህም በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ስለሚሆን ቀኑ ሳይሞላ የተወለደው ስንቁ ይጎድልበታል። ከወሊድ በኋላ እንገር ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ በብዛት ይዞለት ይመጣል፤ በአንዳንድ አካባቢዎች እንገርን አልቦ መድፋትና ለሕፃኑ ቅቤ ማቅመስ የሚያሳዝነው ለዚህ ነው።

የጎደለውን ከውጭ መሙላት ቀላል መፍትሔ መስሎ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነውና 3,493 ጨቅላዎችን ያካተተው ዓለም አቀፍ ሙከራ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር መስጠት ሞትንም ሆነ ከባድ የአካል ጉዳትን እንዳልቀነሰ አረጋግጧል። የተሻለ ተስፋ የታየው ሥርዓቱን በራሱ መንገድ በማንቃት በኩል ነው፤ በጊኒ ቢሳው ክብደታቸው አነስተኛ ለሆኑ ሕፃናት የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነውን የቢሲጂ ክትባት ሳይዘገይ መስጠት የመጀመሪያውን ወር ሞት እንደሚቀንስ የተደረጉት ሙከራዎች በጥቅሉ ሲታዩ የጠቆሙ ሲሆን፣ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምርም ክትባቱ መቅኔው ኒውትሮፊሎችን በፍጥነት እንዲያመርት እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል።