ጠባቂ ኃይላቸው በመድኃኒት ለተቀነሰባቸው ሰዎች ስለሚሰጥ ክትባት

ለሰው ልጅ ጤና ከተገኙት ጥበቦች መካከል የክትባትን ያህል ብዙ ነፍስ ያዳነ ጥቂት ነው። ፈንጣጣ የሚባለው ክፉ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 የታወጀው በክትባት ኃይል ነው። ነገር ግን ለብዙዎች የሚበጀው ነገር ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው በአንድ መንገድ አይሰጥም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው በልዩ ጥንቃቄ መከተብ ስለሚገባቸው ሰዎች ነው።

በሰውነታችን ውስጥ በሽታን የሚቃወም ጠባቂ ኃይል አለ። ይህ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ተሳስቶ የገዛ አካሉን ይወጋል፤ ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ደዌና ሉፐስ ከዚህ የተነሣ ይመጣሉ። ደግሞም ከሌላ ሰው የተሰጠ ኩላሊት በተተከለ ጊዜ እንግዳ ነው ብሎ ሊያጠፋው ይነሣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በቦስቶን ከተማ የተደረገው የኩላሊት ተከላ የተሳካው ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ ነው። ለሌሎችም ሊደረግ የተቻለው ይህን ኃይል የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ከተገኙ ወዲህ ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት መትከል ተጀመረ።

እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች አዛቲዮፕሪን፣ ታክሮሊመስ፣ ሜቶትሬክሴት፣ ሪቱክሲማብና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። ፕሬድኒሶሎንም በቀን 20 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ ከእነዚሁ ይቈጠራል። መድኃኒቱ በሽተኛውን ያድነዋል፤ ነገር ግን የቤቱን ዘበኛ እንዳስተኛ ሰው ለሌላ በሽታ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ክትባት ከማንም ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ ክትባት ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው ሕይወት ያለው፣ ነገር ግን የተዳከመ ተሐዋሲ የያዘ ነው፤ የኩፍኝ፣ የቢጫ ወባ፣ የቢሲጂና በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ ዓይነቱ ጠባቂ ኃይሉ በደከመ ሰው ውስጥ በርክቶ ራሱ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሕይወት የሌለው ነው፤ በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ፣ የቴታነስና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በዚህ ይመደባሉ። ይህኛው በሽታውን አያመጣም፤ ነገር ግን ኃይሉ በተቀነሰበት ሰው ላይ ፍሬው ሊያንስ ይችላል።

ከዚህም የተነሣ ጊዜን መምረጥ ዋና ነገር ነው። የሚቻል ከሆነ ሕይወት ያለው ክትባት መድኃኒቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ሕይወት የሌለውም 2 ሳምንት አስቀድሞ ቢሰጥ መልካም ነው። ሪቱክሲማብ የወሰደ ሰው ግን ክትባቱ እንዲይዝለት ብዙ ጊዜ 6 ወር ያህል መጠበቅ ያስፈልገዋል።

ነገሩ ለሕፃናትም ይደርሳል። በእርግዝናዋ ወራት ኢንፍሊክሲማብ የሚባለውን መድኃኒት ትወስድ ከነበረች እናት የተወለደ አንድ ሕፃን በ3 ወሩ ቢሲጂ ተከትቦ፣ የክትባቱ ተሐዋሲ በሰውነቱ ሁሉ ተሠራጭቶ መሞቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ጽፈዋል። መድኃኒቱ ከእናቲቱ ወደ ፅንሱ ስለሚተላለፍ፣ እንዲህ ላለው ሕፃን ሕይወት ያለው ክትባት ቢያንስ 6 ወር፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 12 ወር እንዲዘገይ ይመከራል። እንግዲህ እናት የወሰደችውን መድኃኒት ለከታቢው መናገርዋ የልጅዋን ሕይወት መጠበቅ ነው።

የቀሩት ቤተ ሰቦችም ድርሻ አላቸው። እነርሱ በደንብ ሲከተቡ በሽታው ወደ ታማሚው የሚገባበት በር ይዘጋል። በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ግን ከሕፃኑ ሰገራ ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ታማሚ ባለበት ቤት በመርፌ የሚሰጠው ይመረጣል።

ወደ ሌላ አገር የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ምስክር ወረቀት ቢጠየቅ፣ ሐኪሙ መከተብ የማይገባው መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጠው ይችላል። ጽሑፉ ግን ከበሽታው አያድንምና በሽታው ወዳለበት አገር መሄዱን አስቀድሞ ቢመክርበት ይሻላል።

በመጨረሻ የምናሳስበው ይህ ነው። ክትባት ለመከተብ ሲል መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ የሚያቋርጥ ሰው የተተከለለትን ኩላሊት ሊያጣ ይችላል፤ መድኃኒቱን ፈርቶ ክትባትን ሁሉ የሚሸሽም ራሱን ለበሽታ ይሰጣል። የሚበጀው የመድኃኒቶችን ስም ጽፎ መያዝ፣ ከመከተብም በፊት መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም መጠየቅ ነው።