የራሳችሁን ጉዞ መቼ ትሄዳላችሁ?

ጄኔቫን የሚያውቁ እህቶች ጥቂት አይደሉም። የሐይቁን ዳር፣ ሱቆቹን፣ ልጆች የሚጫወቱበትን መናፈሻ አንድ በአንድ ይነግሯችኋል። ለንደንን፣ ካይሮን፣ ኢስታንቡልን ያዩም አሉ። የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ሲበረታ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ቀዝቃዛ አገር ይወጣሉ፤ ልጅ የምትይዘውም አብራ ትወጣለች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ማኅተም ቢቆጠር ከብዙ አገር ጎብኚ ይበልጣል። የት መሄድ እንደምትፈልግ ግን የጠየቃት የለም።

በአስተርጓሚነት ሥራዬ ከማገኛቸው እህቶች ጋር ቡና ስንጠጣ ይህን ጥያቄ አነሳዋለሁ። ደመወዙም፣ ቤተሰቡም ለጊዜው ይቆዩና፣ ለራሳችሁ ብቻ አንድ ቦታ ሂዱ ብትባሉ የት ትሄዳላችሁ? መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም የምትል የለችም። ላሊበላ ለገና። መካ። ኢየሩሳሌም ለትንሣኤ። ሐረር። አርባ ምንጭ። አንዷ ባቡር መሳፈር ብቻ ነው የምፈልገው አለችኝ። ወዴት የሚሄድ ባቡር ብዬ ስጠይቃት፣ ወዴትም ይሁን አለች።

ቀጥዬ «መቼ?» ስል ግን የሁሉም መልስ አንድ ይሆናል፦ ጠቅልዬ ስገባ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «ጠቅልዬ ስገባ» ስለምትባል ቀን ነው።

ሰፈር እና ሰፈር

በአረብኛ «ሰፈር» ማለት ጉዞ ነው። ፓስፖርትን «ጀዋዝ ሰፈር» የሚሉት ለዚህ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሰፈር ሰው የሚኖርበት፣ ጎረቤት ያለበት ቦታ ነው። ድምፁ አንድ፣ ትርጉሙ የተገላቢጦሽ። እዚህ የምንኖር ሰዎች በሁለቱ መካከል ነን፤ ለዓመታት በሰፈር ላይ ሆነን ሰፈራችንን እናስባለን።

የአረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት ይህን ቃል መግለጥ ከሚለው ሐሳብ ጋር ያያይዙታል። ፊትን መግለጥ «ሱፉር» ይባላል፤ ሥሩ አንድ ነው። ጉዞ ሰፈር የተባለው የሰውን ጠባይ ገልጦ ስለሚያሳይ ነው ይላሉ። አብሮ የተጓዘ ሰው ይተዋወቃል፤ ብቻውን የተጓዘም ራሱን ያውቃል። ከሰው ኋላ የልጅ ጋሪ እየገፉ መሄድ ግን ስሙ ጉዞ ቢሆንም ሥራ ነው። ቦታው ተቀየረ እንጂ ሰዓቱ የማዳም ነው።

እርግጥ አንዳንዴ ሁለቱ ይገናኛሉ። አንዲት እህት አሠሪዎቿ ለዑምራ ሲሄዱ ልጆቹን እንድትጠብቅ ይዘዋት ሄዱ። ሦስት ቀን ከሆቴሉ ክፍል ብዙም አልወጣችም። በአራተኛው ሌሊት የቤቱ አያት ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺም ሂጂና ዑምራሽን አድርጊ አሏት። ሰባቱን የጠዋፍ ዙር አዞረች፣ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች፣ ለፈጅር ሶላት ደረሰች። ከዚያ ጉዞ የምታስታውሰው ያችን ሌሊት ነው። ስለ አያቲቱ ስትናገር አሁንም ዱዓ ታደርግላቸዋለች።

ጠቅልዬ ስገባ

ሌላዋን የማውቃት 19 ዓመት እዚህ ከሠራች በኋላ ነው። ሁለት ወንድሞቿን አስተምራለች፣ ለእናቷ ቤት ሠርታለች። ላሊበላን ለገና ማየት ከልጅነቷ ጀምሮ ምኞቷ ነበር። በየዕረፍቷ አገር ቤት ትሄዳለች፤ በየዕረፍቱ ግን ሠላሳው ቀን ለቅሶ በመድረስ፣ ሠርግ በመጥራት፣ ሻንጣ በማከፋፈል ያልቃል። ላሊበላ ጠቅልዬ ስገባ ትላለች።

ጠቅልላ ገባች። የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያዋ በአራት ወር ውስጥ ለወንድሟ መኪና ሆነ። ለወንድሟ በመስጠቷ አትቆጭም። የሚያናድዳት ሌላ ነው። ገንዘቡ ላይ የሁሉም ሰው ሐሳብ ነበረበት፤ የእሷ ሐሳብ ብቻ ስም አልነበረውም። ወንድሟ መኪና ብሎ መጣ፣ አክስቷ ሕክምና ብላ መጣች። እሷ ላሊበላ ብላ አልመጣችም።

አሁን ጉልበቷን ያማታል። ላሊበላ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቁልቁል የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ ጨለማ መተላለፊያ፣ የተበላ ደረጃ፣ ያውም በባዶ እግር። መካም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ምልልስ ብቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕድሜ ገንዘብ ቢያመጣ እንኳ ጉልበት ይወስዳል። ስንደውልላት ግን አላለቀሰችም። ላሊበላ እስኪሆን በአውቶቡስ ደብረ ሊባኖስ ደርሳ ለመምጣት ቀን ቆርጣለች።

እናቶቻችን እንዴት ሄዱ?

ገንዘብ የሌላቸው፣ ሽርሽር የሚለውን ቃል የማያውቁ እናቶቻችን ይጓዙ ነበር። ከሸዋ ቁልቢ፣ ከወሎ ግሸን፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ወደ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን። እንዴት ቻሉ? ስለት ስለነበራቸው ነው።

ስለት ከእምነቱ ሌላ ጥሩ የጉዞ ዕቅድም ነው። ቦታው ይታወቃል። ቀኑ ይታወቃል፤ ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ነው፣ ግሸን መስከረም 21። የሚያስፈልገው ይታወቃል፤ ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ስንቅ፣ የመሳፈሪያ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሰው ይነገራል። «የቁልቢ ስለት አለብኝ» ያለችን እናት ማንም ጎረቤት ብሩን አበድሪኝ አይላትም፤ ባሏም ቅሪ አይላትም። ስለት የተነገረበት ገንዘብ ባለቤት አለው።

እኛ ያጣነው ይህን ነው። ለቤት መሥሪያ ስም አለን፣ ለወንድም ትምህርት ስም አለን፣ ለራሳችን ግን «እስቲ አንድ ቀን» ብቻ። ስለዚህ ሃይማኖታዊ ይሁንም አይሁንም፣ ለራሳችሁ አንድ ጉዞ ተሳሉ። ቦታውን ጥሩት፣ ቀኑን ቁረጡ፣ ለቤተሰብም ንገሩ።

ቦታ

ቦታው ሩቅ መሆን የለበትም። ለዕረፍት ስትገቡ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀን ብታድሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ መኖሪያ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ብዙዎቻችን አዲስ አበባን የምናውቃት ለፓስፖርትና ለኤርፖርት ብቻ ነው።

ሐረርን የመረጠች እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የተመዘገበውን ጀጎልን ታያለች። ግንቡ የጥንት አምስት በሮች አሉት፣ በውስጡ 82 መስጊዶች ይቆጠራሉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ጅብ በእጁ የሚያበላ ሰው አለ። ባቡር የተመኘችው እህትም መንገዷ ይሄው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በድሬዳዋ ያልፋል፤ ከድሬዳዋ ሐረር ቅርብ ነው።

ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ለገና የምትሄድ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ታያለች። በዓሉ ሲደርስ ማደሪያ ስለሚጠፋ ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ግጭት ስላለ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ በመኪና ከመሄድ አውሮፕላን ይመረጣል።

አገር ቤት እስክትገቡ ደግሞ እዚሁ ተለማመዱ። ኦማን ያላችሁ ሰላላን አስቡ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም በሚቆየው «ኸሪፍ» ተራራው አረንጓዴ ይለብሳል፣ ጉሙ ይወርዳል፤ የደጋ ልጅ ደርሳ ሽታውን ታውቀዋለች። ለቡናችን የምናጨሰውን የመሰለ ዕጣን የሚሰጥ ዛፍም እዚያ በቅሎ ታያላችሁ። አቡ ዳቢ ያላችሁ የሼህ ዛይድ ታላቁን መስጊድ ያለ ክፍያ መጎብኘት ትችላላችሁ። በሳምንት ዕረፍታችሁ ከአንዲት ጓደኛ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ምሳ ቋጥሮ፣ ለማንም ሳይታዘዙ አንድ ቀን መዋል ራሱ ትምህርት ነው። ምን እንደሚያስደስታችሁ የምታውቁት ያኔ ነው።

ቀንና ገንዘብ

ቀኑን የሚሰጣችሁ ሕግ ነው። በተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት 30 ቀን ዕረፍት ያስቀምጣል። በኳታር የ2017ቱ ሕግ በዓመት ሦስት ሳምንት ይላል። በኩዌት የ2015ቱ ሕግ የሳምንት ዕረፍትንና ክፍያ ያለውን የዓመት ዕረፍት ያዛል። በሦስቱም አገሮች አሠሪ ያለ ሠራተኛዋ ፈቃድ ፓስፖርቷን መያዝ አይችልም። ሕጉ ያለው ሁሉ በየቤቱ ይፈጸማል ማለት አይደለም፤ መብቷን የምታውቅ ሴት ግን ዕረፍቷን ስትጠይቅ የምትናገረው አላት። «ኢጃዛ» ስትጠይቁ የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ቀን ለይታችሁ፣ ቢቻል በጽሑፍ፣ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ሳይነግሩ መውጣት «ጠፋች» የሚል ክስ ያመጣል።

ከዕረፍቱ ውስጥ ሦስት ቀን ለጉዞው አውጡ። የትኞቹን ሦስት ቀን? የመጀመሪያዎቹን። ለመጨረሻ የተተወ ቀን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ እቁብ የሚያህል መላ አላገኘሁም። አሥራ ሁለት ሆናችሁ በወር 100 ድርሃም ብትጥሉ ዕጣ የወጣላት 1,200 ድርሃም ትይዛለች። እቁቡን የጉዞ እቁብ በሉት፤ ስሙ ራሱ ይጠብቀዋል። ለዑምራ ወይም ለኢየሩሳሌም ሰው እየመዘገብኩ ነው ለሚል ግለሰብ ግን ያለ ደረሰኝ ገንዘብ አትስጡ፤ ፓስፖርታችሁንም አታስይዙ። ለዑምራ በመጀመሪያ የሳዑዲ መንግሥት «ኑሱክ» የተባለውን መተግበሪያ ተመልከቱ፤ ኢቃማችሁና የሥራ መደባችሁ ምን እንደሚፈቅድላችሁም ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ቆርቆሮው ይቆያል

አንዲት እህት ባለፈው ዕረፍቷ ይህንኑ አደረገች። ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ መለወጫ ካስቀመጠችው ላይ ቀንሳ እናቷን ይዛ ቁልቢ ሄደች፣ እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን። ወንድሞቿ አኮረፉ። እናትየውም ብሩን ሰማይ ላይ በተንሽው ብለው ተቆጡ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ግን እጇን ይዘው፣ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው፣ የማን እርሻ የት እንደሆነ ለማወቅ ሲሞክሩ ነበር። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ሰው ሻንጣ ሳትይዝ አውሮፕላን ተሳፈረች።

ቆርቆሮው ለሚቀጥለው ዓመት ቆየ። ክረምቱን አንድ ጥግ አፈሰሰ፣ ባልዲ ተደረገበት። ጎረቤት ቡና ሲጠራ እናትየው ስለሚያፈሰው ጣሪያ አይናገሩም፤ ስለ ደመናው ነው የሚያወሩት።

ቤት መሥራትም ሰውን ማስተማርም ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እህት ይህን እንድትተው አልልም። ከአሥር ድርሻ አንዱን ለራሷ ብታደርግ ግን ቤቱ አይፈርስም። በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን ወደ ቤት ከመላካችሁ በፊት፣ ስልካችሁ ላይ የአንድ ቦታ ስም፣ አንድ ወርና አንድ የገንዘብ ልክ ጻፉ። ከዚያም ለአንድ ሰው ንገሩ።