ድልድዩ ቆሟል፤ እግሩስ?

በበልግ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ፣ ገዘርም ሆነ ጂንካ ዙሪያ ወንዝ ተሻግሮ የሚውል ቤተሰብ ጠዋት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ድልድዩ አለ ወይ?» ብሎ ነው። ያየ ሰው «ቆሟል» ካለ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ እናቶችም ወደ ገበያ ይወጣሉ። ውድ ወላጆችና አያቶች፣ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህ «ቆሟል» የሚለው መልስ ስለማይበቃበት ምክንያት ነው።

መሐንዲስ አይደለሁም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ነርስ ነበርኩ። ነገር ግን ቆዳው ጠግጎ ከስሩ መግል የያዘ ቁስል ይዞ የሚመጣ ታካሚ ብዙ አይቻለሁ። የድልድይ ሕመምም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከስር ነው።

ብዙዎቻችን ጎርፍ ድልድይን የሚጥለው ገፍቶ ወይም በላዩ ላይ አልፎ ይመስለናል። እንዲያም ይሆናል። ይበልጥ የተለመደው ግን የምሰሶው እግር መቆፈር ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ ምሰሶ ሲገጥመው ከፊሉ ወደ ታች ይገለበጣል፤ ከዚያም ምሰሶውን እየዞረ ይሽከረከርና አሸዋውንና ጠጠሩን ጠርጎ ይወስዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የውሃው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከደጋ የመጣ ግንድና ቅርንጫፍ ምሰሶው ላይ ከተጠላለፈ ደግሞ መተላለፊያው ይጠብና ቁፋሮው ይብሳል። መሠረቱ ጠንካራ አለት ላይ ያረፈ ወይም በረጃጅም ፓይል የተተከለ ድልድይ ይህን በተሻለ ይችለዋል። ጥልቀት ሳይኖረው ጠጠር ላይ የተቀመጠ ግን አንድ ሌሊት ሊበቃው ይችላል።

ክፋቱ የሚመጣው ውሃው ሲጎድል ነው። ጎርፉ ያመጣውን ደለል እዚያው በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያራግፈዋል። በማግስቱ ሄዶ የሚያይ ሰው የሚታየው ደልዳላ አሸዋ ነው። ይህ አዲስ አሸዋ ግን ልል ስለሆነ መሠረቱን እንደ ቀድሞው አይደግፍም። ለዚህ ነው ባለሙያ በዓይኑ ብቻ የማይፈርደው። የወንዙን ወለል በብረት ዘንግ ይወጋል፣ ክብደት በታሰረበት ገመድ ጥልቀቱን ይለካል፣ ካስፈለገም ጠላቂ ያስገባል። ልኬቱን ካለፈው ጊዜ ልኬት ጋር ያስተያያል። የሕፃናትን የክብደት መከታተያ ካርድ የምታስታውሱ ይገባችኋል፤ የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም።

በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ወንዝ ድልድይ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1987 በጎርፍ ወድቆ 10 ሰዎች ሞተዋል። ድልድዩ ሳይመረመር የቀረ አልነበረም፤ ከውሃ በታች ያለው እግሩ ግን አልታየም። ለመከላከያ የተደረደሩትን ድንጋዮች ጎርፍ ቀስ በቀስ ወስዷቸው ነበር። በፖርቱጋል ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2001 የሂንትዜ ሪቤይሮ ድልድይ ሲደረመስ 59 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ በአንድ አውቶቡስ የተሳፈሩ ነበሩ። የወንዙ ወለል ዝቅ ካለባቸው ምክንያቶች አንዱ ለዓመታት የተካሄደው አሸዋ የማውጣት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም። ቤት ለመሥራት አሸዋ ከድልድይ ስር ወይም ከአጠገቡ ማስጫን በእኛም አገር እንደ ቀላል ነገር ይታያል። መኪናው ተጠግቶ ስለሚጭን ይመቻል። የምንጭነው ግን ምሰሶውን ይዞ ያቆመውን አፈር ነው።

«ይህ ድልድይ በመቶ ዓመት አንዴ ለሚመጣ ጎርፍ ተሠርቷል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት እንጂ፣ አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት ይርቃል ማለት አይደለም። 50 ዓመት በሚያገለግል ድልድይ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው።

ቀን በጠራ ጊዜ፣ ውሃው ጎድሎ ሳለ፣ ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ። መንገዱ ከድልድዩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቋል? ወይስ ዝቅ ብሏል? የዳር መከላከያው ቀጥ ያለ መስመሩን ለቅቆ ጎብጧል? ጋቢዮኑ ተቀድዶ ድንጋዩ ፈስሷል? ድሮ ተቀብሮ የነበረ የመሠረት ኮንክሪት ተገልጦ ይታያል? ለዚህ አያቶችን የሚያህል መርማሪ የለም፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ውሃው ምሰሶው ላይ እስከ የት ይደርስ እንደነበር የሚያስታውሱ እነሱ ናቸው። ያያችሁትን ለቀበሌና ለወረዳው አመልክቱ። ዋናው አውራ ጎዳና ከሆነ ጉዳዩ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር መድረስ አለበት። ምልክት አለመታየቱ ግን ድልድዩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከትልቅ ጎርፍ በኋላ ባለሙያ እስኪለካው ድረስ ሲኖትራክ ባይነዳበት እመርጣለሁ።

ልጆችን በተመለከተ፣ የእናንተ ሰማይ ጠራ ብላችሁ አትላኩ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነችና በኛንጋቶም ምድር 364 ሰዎች መሞታቸው ሲዘገብ፣ ያ ውሃ በአብዛኛው የመጣው ከሩቅ ደጋ ነው። ደራሽ ውሃ እንዲህ ነው፤ ላይ ይዘንባል፣ ታች ይወስዳል። በድልድዩ ወለል ላይ ውሃ እያለፈ ከሆነ አንድም ሰው አይሻገር። የሚሮጥ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ፒክአፕም ይወስዳል። ባጃጅማ አይነሳ።

በሥራ ዘመኔ ያስጨነቀኝ ግን ከሁሉም በላይ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ወንዝ ሞልቷል ብሎ ምጥ አይቆምም። ቃሬዛ የተሸከሙ ወንዶችም ምጡ እያጣደፋቸው በደህናው ቀን የማይደፍሩትን ውሃ ይደፍራሉ። ልጃችሁ ወይም ምራታችሁ የምትወልድበት ወር ከዝናቡ ጋር ከተገጣጠመ፣ ቀኗ ሳይደርስ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ወንዙን ትሻገር። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው፤ የእናንተው ጣቢያ እንዳለው በክትትል ቀኗ ጠይቁ። ገንፎ የሚያበስልላት ሰው፣ ጋቢና የሕፃኑን ልብስ ይዛ ትሂድ። ቤት የሚቀሩትን ልጆች ማን እንደሚጠብቅም ያን ቀን ሳይሆን ከወዲሁ ተነጋገሩበት።