ከምረቃ በኋላ ወዴት? ስለ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስለ ሁለተኛ ዲግሪና ስለ እንጀራ

በዚህ ዓመት መጨረሻ የምንመረቅ ተማሪዎች ማታ ማታ በየመኝታ ክፍላችን የምንከራከርበት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም «ሁለተኛ ዲግሪ ልቀጥል ወይስ ሥራ ልያዝ?» የሚል ነው። ክርክሩ ሲጋጋም አንዱ የባንክ ቤት ደመወዝ ያነሣል፤ ሌላው የመምህርነትን ክብር ያነሣል፤ ሦስተኛው ውጭ አገር ስለ መሄድ ያወራል። የመመረቂያ ጽሑፋችን ግን በዚህ ክርክር ውስጥ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ለጥያቄው ከሁሉ የተሻለ ምስክር እርሱ ይመስለኛልና ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ልጻፍ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት መምህሩም ቢሆን መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝበት ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ የለመድነው ሌላው ያወቀውን ተቀብሎ በፈተና ቀን መመለስ ነበር። በታሪክ ትምህርት ክፍል ያለን ተማሪዎች ማስረጃ የምንለቅመው ከሦስት ቦታ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት፣ በሰው ቤት ከተቀመጠ ወረቀትና ከሽማግሌዎች አፍ። በጽሑፉም መጨረሻ ቃላቸውን የሰጡን ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገርንበት ቦታና ቀን ይዘረዘራል። ብዙዎቻችን ይህን ዝርዝር ለወጉ ያህል እንሞላዋለን። ዳሩ ግን በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ አጥብቆ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ስለ ዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝኛ ያሳተሙትን መጽሐፍ ገልጦ ዋቢዎቹን ያየ ሰው፣ በታላላቆቹ መጻሕፍት መካከል የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ተሰልፈው ያገኛል።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በአራት ኪሎ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ይረዷቸው ነበር። ተማሪዎቹም ስለየአገሩ ልማድ ያዩትንና ጠይቀው የተረዱትን እየጻፉ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 መጽሔት አወጡ። ያን ጊዜ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው አልነበረም፤ እርሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንግዲህ እነዚያ ልጆች የጻፉት ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ እንዲሆናቸው አልነበረም። ይሁን እንጂ ማኅበሩ የሰበሰበው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1963 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መነሻ ሆነ፤ መጽሔቱም በአሉላ ፓንክኸርስት አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደገና ታተመ።

እኔ ለጽሑፌ የመረጥሁት አራዳን ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የድሮው ገበያ የነበረበት ሰፈር ነው፤ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት፤ አካባቢውም ፒያሳ ተባለ። (ገበያው ቢሄድም ቃሉ ቀርቶ ብልጥና ነቃ ያለ ሰው እስከ ዛሬ «አራዳ» ይባላል፤ እኔ ግን ቀጥሎ እንደምታነቡት አራዳ አልሆንሁም።)

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በዶሮ ማነቂያ ስለነበረ አንድ ዕድር ለኮርስ የሚሆን ጽሑፍ ጀምሬ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ የነበሩ አባት 3 መዛግብት እንዳሏቸው ነግረውኝ «ቅዳሜ ና» አሉኝ። ፈተና ደርሶ ነበርና «ይቆየኝ፤ አባባ የትም አይሄዱም» ብዬ ተውሁት። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ስመለስ ቤቱ የለም። በኮሪደር ልማት ሰፈሩ እየፈረሰ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማው ዳርቻዎች ይጓጓዝ ነበር፤ የያዝሁትም ስልክ አይሠራም። ጽሑፉን ያለ መዝገብ ጽፌ አስረከብሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ጥሩ ነጥብ ማግኘቴ ነው።

አባባን ያገኘኋቸው አምና ለመመረቂያ ጽሑፌ ሰው በሰው አጠያይቄ ነው። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መዛግብቱም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው ከአልጋቸው ሥር ተቀምጠዋል። የሟች ስም፣ ለቀብር የወጣ ገንዘብ፣ ከለቅሶ ቀርቶ የተቀጣ አባል፣ ማን ስንት ወንበር ተውሶ እንዳልመለሰ ሳይቀር ተጽፎአል። ዛሬ ያ ሰፈር በስፍራው ስለሌለ፣ ማን ከማን ጋር ተጎራብቶ ይኖር እንደ ነበረ የሚናገረው ይኸው መዝገብ ነው።

«ልጄ፣ ይኸ ሥራ ምን ያበላሃል?» አሉኝ።

«ለዲግሪ ነው አባባ» አልኋቸው።

«ዲግሪውን ከያዝህ በኋላስ ትመጣለህ?»

ቡናዬን ይዤ ዝም አልሁ።

ጓደኞቼ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ምርምርንና ሁለተኛ ዲግሪን አንድ ነገር አድርጌ እቈጥር ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የአባባ ጥያቄ ይመስለኛል። ጽሑፉን አስረክቦ ጉዳዩ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ለሁለተኛ ዲግሪ ያመልክት፤ የመግቢያውን ፈተና ይፈተን፤ ነጥቡ ከፍ ያለ ከሆነም በረዳትነት ቀጥሮ ራሱ የሚያስተምረውን ዩኒቨርሲቲ ይፈልግ። «ተገላገልሁ» ያለ ሰው ደግሞ ሥራ ቢይዝ የሚያፍርበት ነገር የለም። ሰው መጠየቅ፣ ወረቀት ከወረቀት ማመሳከር፣ በቀጠሮው ቀን ጽፎ ማስረከብ በባንክም፣ በጋዜጣም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም የሚያገለግል ችሎታ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ሦስተኛው ነው፤ ሥራ ስላጣ ብቻ «እስከዚያው ልማር» የሚለው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲወጣ ያው የሥራ ማስታወቂያ ይጠብቀዋል፤ ማስታወቂያውም የሥራ ልምድ ይጠይቀዋል።

በዚህ ላይ የቤተሰብ ነገር አለ። ወላጆቹ ደመወዙን በተስፋ የሚጠብቁ ልጅ «ሁለት ዓመት ጨምሩልኝ» ማለቱ ቀላል አይደለም፤ አፉም አይደፍርለት። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። ስለዚህ ለጊዜው ሥራ ለመያዝ ቈርጫለሁ። የሁለተኛ ዲግሪው ፈተና በሚመጣው ዓመትም ይሰጣል፤ የአባባ ዕድሜ ግን 83 ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን መዝገብ ገልብጬ ጨርሻለሁ። ሁለተኛውን የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ የገዛ ራሳቸው የእጅ ጽሕፈት አልነበብ እያላቸው ለአንድ ገጽ አንድ ሰዓት ይፈጅብናል።