ያውቁ ኖሯል? ከወተቱ በፊት ዕቃው
በዋጃና በቆቦ ሜዳ የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ፀረ ተባይ ይረጫል፤ ማሽላው ጎተራ ሲገባ ደግሞ የነቀዝ ክኒን ይከተለዋል። መርዝ ከቤታችን አይርቅም።

ማላታይንና መሰሎቹ ፀረ ተባዮች የሚጎዱት የጠጣቸውን ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በቆዳና በትንፋሽም ይገባሉ። ሲረጭ የዋለ ሰው ማሳው ላይ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይታሽለታል። ምራቁ ከተዝረበረበ፣ እንባና ላቡ ከወረደ፣ ካስመለሰውና ካስቀመጠው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ጡንቻው ከተርገበገበ ግን መርዝ ነው። እጅዎን በላስቲክ ሸፍነው ልብሱን ያውልቁለት፤ ገላውንና ፀጉሩን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ማርከሻው አትሮፒን ያለው እዚያ ነው።

ወተት መርዝን እንደማያረክስስ? እንቁላልም፣ የጨው ውሃም እንዲሁ። ጣት ጉሮሮ ከቶ ማስመለስማ ጭራሽ ያባብሳል፦ በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል፤ ላምባ ወደ ሳንባ ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎኑ ይተኛ።

ይልቅ መርዙ የነበረበትን ዕቃ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ሕክምናውን የሚመርጠው በመርዙ ዓይነት ነው። ኬሚካልን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀንሶ ማስቀመጥ ግን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ሕፃን ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ይለቃል። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ አለመሽተቱ ግን ዋስትና አይደለም። ክኒን የገባበት እህል ባለበት ክፍል ማንም አይደር።

ለከብትም፦ ዝናብ አጥሮት የጠወለገ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ ለጋ የማሽላ ቅጠል ሳያናይድ ያመነጫል፤ ከብት በፍጥነት ሊገድል ይችላል።

አንድ ሰው ሆን ብሎ መርዝ ጠጥቶ ቢገኝ አይቆጡት፣ ብቻውንም አይተዉት፤ ጎረቤት ታፍሮ ጉዳዩ የሚደበቅበት ሰዓት ሕክምናው የሚሠራበት ሰዓት ነው። ደህና ቢመስልም ይታይ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ 907 ነው፤ ካልደረሰ በባጃጅም ቢሆን ይነሱ፤ ለዋጃ ሰው ቆቦም አላማጣም ሆስፒታል አለ።