የገዳሪፍ ሙቀትና የአሮጌ መኪና ቬንትሌተር

ከጎንደር ተነስቶ በመተማ በኩል ጋላባትን የሚሻገር መኪና ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ወርዶ 600 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የሱዳኗ ገዳሪፍ ይደርሳል። ቁልቁለቱ ለሞተሩ አይከብደውም። የሚፈተነው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ባለፈበት ቀን ኬላ ላይ ተሰልፎ ሲቆምና በመልሱ ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲያያዘው ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ጎንደር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ 93 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። የራዲያተር ክዳን ጥብቅ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

መኪና ሲፈጥን ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ስለሚያቀዘቅዝ ቬንትሌተሩ ቢኖርም ባይኖርም ብዙ ለውጥ የለውም። ሲቆም ወይም ሲያዘግም ግን አየር የሚስብለት እሱ ብቻ ነው። ይህን የገዳሪፍ ትራክተር በደንብ ያሳያል። እንግሊዞች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለጦራቸው እህል ሲሹ እዚያው አካባቢ ገዳምበሊያ ላይ የማሽን እርሻ ከጀመሩ ወዲህ የአካባቢው ጥቁር ዋልካ የሚታረሰው በትራክተር ነው። ትራክተር ቀኑን ሙሉ ሞተሩን እያስጓራ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከነፋስ የሚያገኘው እርዳታ የለም። ቬንትሌተሩ በቺንጋ የሚዞር ተራ ነገር ነው፤ ሽቦም ፊውዝም የለው። ቺንጋው እስካልተበጠሰና ራዲያተሩ በገለባ እስካልተደፈነ ድረስ ይሠራል።

የድሮ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ግን ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ላይ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። በቺንጋ የሚዞረው ሞተሩ ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል፤ የኤሌክትሪኩ ግን መኪናው ቆሞም በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ችግሩ ኃይሉን ከየት ያመጣል የሚለው ነው። ኤምጂቢ በተባሉት የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች የመጀመሪያዎቹ ላይ የተገጠመው የሉካስ ዲናሞ ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። ቬንትሌተሩ ብቻውን ከ10 እስከ 20 አምፔር ይበላል። እንግዲህ ኬላው ላይ፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ የሚኖረው ከባትሪው ነው። ስለዚህ ቬንትሌተር ከመግዛት በፊት አልተርኔተር ማስገጠም፣ መስመሩንም በሪሌ ማስኬድ ይቀድማል። ይህን የማያደርግ ሰው የፋብሪካውን ቬንትሌተር ባይነካው እመርጣለሁ።

መካከለኛ መንገድም አለ። ፔጆ 404 በቺንጋ የሚዞር፣ ነገር ግን ውሃው ሲሞቅ ብቻ በማግኔት የሚያያዝ ቬንትሌተር ነበረው። ይኸው መኪና እ.ኤ.አ. በ1963 እና ከ1966 እስከ 1968 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አሸንፏል፤ በእርግጥ ድሉ የቬንትሌተሩ ብቻ አይደለም።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ በዙሪያው ያለው መከለያ መውለቅ የለበትም። ያለ መከለያ የሞተሩ የሞቀ አየር በጎን ዞሮ ይመለሳል፤ ቬንትሌተሩም ያንኑ ሲያመላልስ ይውላል። የኤሌክትሪኩ ቦታ ከተገኘ ከራዲያተሩ ኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ፊት ለፊት ከሆነ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱን ይጋርዳል። በፕላስቲክ ማሰሪያ የራዲያተሩን ክንፎች በስቶ ማሰር ቧንቧውን እየፋቀ ያስፈስሰዋል፤ የራሱ ብረት ይበጅለት።

ብዙ የድሮ እንግሊዝ መኪኖች ቦዲያቸው የሚታሰረው በባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያይ ሽቦውን እንደ ዛሬ መኪና ያያያዘ ኤሌክትሪሺያን ቬንትሌተሩን ወደ ኋላ ያስዞረዋል፤ ይህን በጆሮ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ማስጠጋት ይበቃል፤ ከኋላ የተገጠመው በትክክል ከዞረ ወረቀቱን ስቦ ያጣብቀዋል።