ሁለት አንጥረኞች

በላፍቶም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር፥ በየክርስቲያኑ ቤት የብር መስቀል አይታጣም። ከእናት ለልጅ ይተላለፋል፤ የሰጠችውም እናት ስሟ ሲታወስ ይኖራል። የሠራውን አንጥረኛ ስም የሚያስታውስ ቤተ ሰብ ግን ጥቂት ነው። ይህን ስናስብ በአንድ ዘመን የነበሩ የሁለት አንጥረኞች ታሪክ ትዝ አለን።

አንደኛው እንግሊዛዊው ጆርጅ ዊክስ ነው። በ1722 እ.ኤ.አ. የሠሪነት ምልክቱን በሎንዶን አንጥረኞች ማኅበር አስመዘገበ፤ በ1735 የራሱን መደብር ከፈተ። በዚያ አገር ብሩ ጥራቱ ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል፤ የሠሪውም ምልክት አብሮ ይታተማል። ዊክስ ደግሞ የደንበኞቹን ሒሳብ በመዝገብ ይጽፍ ነበር። መደብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በ1802 ለሮበርት ጋራርድ ደረሰ። በ1843 ንግሥት ቪክቶሪያ ቤቱን የዘውድ ጌጥ ሠሪ አድርጋ ሾመችው፤ ማዕርጉም እስከ 2007 ጸንቶለት ቆየ።

ሁለተኛው በጎንደር የሠራው ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ከ1735 እስከ 1740 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፥ ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለቍስቋም ማርያም የሰጡትን የወርቅ ጽዋ ሠራ። ጽዋው በኋላ ወደ መቅደላ ተወስዶ ስለ ነበር፥ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ከተዘረፈው ንብረት ጋራ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። የዊክስም መዛግብት የሚጠበቁት በዚሁ ቤት መሆኑ ያስደንቃል። ዊክስን መዝገቡ ያስታውሰዋል፤ ለወልደ ጊዮርጊስ ግን ጽዋው ራሱ ምስክሩ ነው፤ እርሱም ከአገሩ ርቆ ይገኛል።

በአገራችን የማሪያ ቴሬዛን ብር እያቀለጡ መስቀል የሠሩ አንጥረኞች ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ባለእጅ እየተባሉ ይናቁ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። መስቀሉን እየተሳለሙ ሠሪውን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የተናቀ ሰው ስሙን ማን ይጽፍለታል?

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መስቀል ስታሠሩ የአንጥረኛውን ስም፥ አገሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ጽሑፉንም ከመስቀሉ ጋራ ለልጆቻችሁ አውርሱ። መዝገብ ለመጀመር ትልቅ መደብር አያሻም፤ አንዲት ወረቀት ትበቃለች።